ፎቶዎቼ ከክላውድም ጠፉ፤ ምን አጠፋሁ?

ሰላም ወዳጆች። በዚህ ዙር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱ እንቅልፍ ነሳኝ። እሱን አስቀድሜዋለሁ፣ ረዘም አድርጌም መልሼዋለሁ። ሌሎቹ ይከተላሉ። ስማችን አይውጣ ያላችሁ ስላላችሁ የማንንም ስም አላነሳሁም።

ጥያቄ፦ ስልኬ ሞልቶ አላሠራ ሲለኝ ጎግል ፎቶስ ውስጥ ገብቼ የድሮ ፎቶዎችን አጠፋሁ። ክላውድ (ኢንተርኔት ላይ ያለው ማከማቻ) ላይ ስላሉ ምንም አይሆኑም ብዬ ነበር። ትናንት ከላፕቶፕ ገብቼ ስፈልጋቸው የሉም። የልጄ የመጀመሪያ ሁለት ዓመት ፎቶዎች ናቸው። ምን አጥፍቼ ነው? ይመለሱልኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ማንበብ ትተሽ መጀመሪያ ጎግል ፎቶስን ክፈቺ። መጣያው ውስጥ ግቢ። ክላውድ ላይ የወጣ ፎቶ ሲጠፋ እዚያ 60 ቀን ይቆያል። ክላውድ ላይ ሳይወጣ የጠፋ ከሆነ ደግሞ 30 ቀን። ካገኘሻቸው መርጠሽ መመለስ ነው፣ ወደነበሩበት ይገባሉ። ቀኑ ካለፈም ቶሎ ተስፋ አትቁረጪ። ለአያቷ፣ ለአክስቷ፣ ለጓደኞችሽ የላክሻቸውን አስቢ። እነሱ ስልክ ላይ ዛሬም ሊኖሩ ይችላሉ። ጥራታቸው ይቀንስ ይሆናል እንጂ ፊቷ ይታያል።

አሁን ወደ ምክንያቱ ልምጣ። ጥፋቱን ሁሉ በራስሽ ላይ አትጫኚው። ያሳሳተሽ "ክላውድ ላይ አለ" የሚለው አባባል ነው። ብዙዎቻችን ክላውድን እንደ ካዝና እናየዋለን፤ ፎቶውን አስገብተን የቆለፍንበት ይመስለናል። አገልግሎቱ ግን በዋናነት የተሠራው ስልክሽ ላይ ያለውና እዚያ ያለው አንድ ዓይነት ሆነው እንዲቆዩ ነው። ስለዚህ ጎግል ፎቶስ ውስጥ ሆነሽ አንድ ፎቶ ስታጠፊ አፑ የሚረዳው "ይህን ፎቶ አልፈልገውም" ማለትሽን ነው። ከስልክሽም ከክላውዱም ያነሳዋል። አይፎን ላይ አይክላውድ ፎቶስ ከተከፈተም ነገሩ ያው ነው፤ ከስልኩ የጠፋው ከሁሉም ቦታ ይጠፋል።

አንቺ የፈለግሽው ሌላ ነገር ነበር። ጎግል ፎቶስ ውስጥ ቦታ የሚያስለቅቅ ምርጫ ለብቻው አለ። እሱ ክላውድ ላይ መውጣታቸው የተረጋገጠውን ፎቶዎች ከስልኩ ላይ ብቻ ያነሳል፣ ክላውዱን አይነካም። አይፎን ላይም ዋናውን ፎቶ ክላውድ ላይ አስቀምጦ ስልኩ ላይ ትንሽዬ ቅጂ የሚተው ሴቲንግ አለ። ሁለቱም ከማጥፊያው ጥቂት ጣት ርቀት ላይ ነው ያሉት። እንደዚህ የተራራቀ ውጤት ያላቸው ነገሮች እንደዚህ ተቀራርበው መቀመጣቸው ሁልጊዜ ያናድደኛል።

ሌላም ማወቅ ያለብሽ አለ። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2021 ጀምሮ ጎግል ፎቶስ ያለ ገደብ በነፃ ማስቀመጡን አቁሟል። በነፃ የሚሰጠው 15 ጂቢ ነው፣ እሱም ከጂሜይልና ከጎግል ድራይቭ ጋር የጋራ ነው። አይክላውድ ደግሞ 5 ጂቢ ብቻ ነው። ይህ ሲሞላ አዲስ ፎቶ መውጣቱ ይቆማል። ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ እኛ ግን ከሌላው ማስታወቂያ ጋር አብረን እናባርረዋለን። ከዚያ ስልኩ ሲጠፋ ነው የመጨረሻዎቹ ስምንት ወራት የትም እንዳልነበሩ የምናውቀው። ዛሬውኑ ገብተሽ መጨረሻ ላይ የወጣው ፎቶ የመቼ እንደሆነ እዪ። ሌላው የአካውንቱ ጉዳይ ነው። ጎግል ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ያልገባበትን የግል አካውንት ከነፎቶው ሊያጠፋ እንደሚችል አሳውቋል። በሕይወት የሌለ የቤተሰብ አባል አካውንት በእጃችሁ ካለና ፎቶዎቹ እዚያ ብቻ ካሉ፣ እባካችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ አውርዷቸው።

እኔም ይህን የተማርኩት ተጎድቼ ነው። የስድስት ዓመት ፎቶ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ሰብስቤ "አሁን ተረጋጋሁ" ብዬ ከኮምፒውተሩና ከስልኩ አጠፋሁ። ሃርድ ዲስኩ ከጠረጴዛ ላይ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ሲከፈት ጠቅ ጠቅ ይላል እንጂ አይነበብም። እናቴ አትክልት ስታጠጣ ያነሳኋት አንድ ፎቶ ነበር፣ እስካሁን ይታየኛል። የትም የለም።

ስለዚህ የምመክርሽ የፎቶ ባለሙያዎች የሚሠሩበትን ነው፦ ሦስት ቅጂ፣ ሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ሲሰማ ከባድ ይመስላል፣ ሲሠራ ግን ቀላል ነው። አንዱ ስልክሽ ወይም ኮምፒውተርሽ ላይ ያለው ነው። ሁለተኛው ሃርድ ዲስክ ነው፣ በሦስት ወር አንዴ ገልብጠሽ መሳቢያ ውስጥ የምታስቀምጪው። ሦስተኛው ክላውዱ ነው፤ ሌባም እሳትም ቤት ቢገባ እሱን አያገኘውም። ፍላሽ ላይ ብቻ አስቀምጠሽ ግን አትተዪ። ፍላሽ መረጃ የሚይዘው በኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው፣ ለዓመታት ሳይሰካ ሲቀመጥ ቻርጁ ቀስ በቀስ ሊያመልጥ ይችላል። ፎቶ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ለራስሽ ልከሽ ማስቀመጥም ልማድ ሆኗል። እንደተለመደው ከተላከ አፑ ፎቶውን ያሳንሰዋል። የግድ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርገሽ ላኪው።

መጣያው ውስጥ ካገኘሻቸው እባክሽ ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦ ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼ አድራለሁ። ልጆቼ "ባትሪውን እየገደልከው ነው፣ ዜሮ እስኪገባ ተጠቀምና ከዚያ ሰካ" ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ አባቴ፣ ልጆችዎ ከልብ አስበውልዎ ነው፣ ምክሩ ግን የድሮ ባትሪ ምክር ነው። ድሮ የነበሩት የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ሳያልቁ በተደጋጋሚ ሲሰኩ አቅማቸው የሚቀንስ ይመስል ነበር፣ "ጨርሰህ ሙላ" የሚለው ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። የዛሬ ስልኮች ሊቲየም አዮን ናቸው። ሶኒ ይህን ባትሪ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ የፈጠራው ባለቤቶች ጉዲናፍ፣ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመውበታል። ይህ ባትሪ ዜሮ መግባት አይወድም። እስከ 100 ሞልቶ ለረጅም ሰዓት መቆየትም ብዙ አይመቸውም። የሚስማማው መሐሉ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ግን ሙቀት ነው። ሰክተው ማደርዎ ስልኩን አይገድለውም፤ ሲሞላ መሙላቱን ራሱ ያቆማል። ትራስ ስር ወይም ብርድ ልብስ ውስጥ ከሆነ ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ጠረጴዛ ላይ ያድርጉት። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥም አይተዉት። አፕል አይፎን የሚሠራበትን የአየር ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ብሎ ነው ያስቀመጠው። አሁን ብዙ ስልኮች 80 በመቶ ላይ መሙላት የሚያቆም ሴቲንግ አላቸው። ልጆችዎን እሱን እንዲያበሩልዎ ያድርጉ።

ባትሪው መድከሙ አይቀርም። የአይፎን 14ና ከዚያ በፊት የነበሩት ባትሪዎች ከ500 ሙሉ ዙር በኋላ 80 በመቶ አቅማቸው እንዲቀር ታስበው የተሠሩ ናቸው፣ ከ15 ጀምሮ 1000 ዙር ሆኗል። ሙሉ ዙር ሲባል ዛሬ ግማሹን ነገ ግማሹን ከተጠቀሙ ያ ተደምሮ አንድ ነው። ሲደክም ስልኩን ከመቀየር በፊት ባትሪውን ማስቀየር ያስቡ። ጥሩ ስልክ በደከመ ባትሪ ምክንያት ሲጣል ማየት ያሳዝነኛል። የስልኩ ጀርባ ካበጠ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያጥፉት፣ አይሰኩት፣ አይጫኑት፣ ለባለሙያ ይስጡት።

አፖችን አንድ በአንድ ጠርጎ መዝጋት ባትሪ ይቆጥባል ወይ ብለው በሌላ ገጽ ጠይቀውኛል። አይቆጥብም። ስልኩ ራሱ ያስተኛቸዋል፤ ዘግቶ እንደገና መክፈቱ እንዲያውም ተጨማሪ ሥራ ነው። የተንጠለጠለውን ብቻ ይዝጉ።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ በዋትስአፕ "ኮድ በስህተት አንተ ጋ መጥቷል፣ ላክልኝ" አለኝ። ላክሁለት። ወዲያው ከዋትስአፕ ወጣሁ። አሁን በእኔ ስም ዘመዶቼን ብር አበድሩኝ እያለ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጻፈልህ ጓደኛህ አልነበረም። የእሱ አካውንት ካንተ በፊት ተወስዷል። ሌባው በራሱ ስልክ ላይ ያንተን ቁጥር አስገባ፣ ስድስት አሃዝ ያለው ኮድ አንተ ጋ መጣ፣ አንተም የቤትህን ቁልፍ ሰጠኸው። ማንም ያደርገዋል፤ ጓደኛ ነዋ የጠየቀው።

አሁን ዋትስአፕን ክፈትና ቁጥርህን እንደ አዲስ አስገባ። ኮዱ ወደ ሲምህ ይመጣል። ስታስገባው ሌባው ይባረራል። ባለ ስድስት አሃዝ ፒን ከጠየቀህና አንተ አውጥተህ የማታውቅ ከሆነ ያወጣው ሌባው ነው። ያኔ ሰባት ቀን መጠበቅ ይኖርብሃል፣ ግን ኮዱን በማስገባትህ ብቻ እሱ ወጥቷል። ዘመዶችህን በድምፅ ደውለህ ንገራቸው፤ ጽሑፍ አሁን ማንም አያምንም። ስትገባ ከአካውንትህ ጋር የተያያዙ ሌሎች ስልኮችና ኮምፒውተሮችን እይና የማታውቀውን አስወጣ። ከዚያ የራስህን ፒን አውጣ።

አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። የድሮ መልእክቶችህ ስልክህ ላይ ስለሆኑ ሌባው አላያቸውም። ቴሌግራም ላይ ቢሆን ግን ታሪኩ ሌላ ነበር። እዚያ ተራው ቻት የሚቀመጠው በድርጅቱ ኮምፒውተር (ሰርቨር) ላይ ስለሆነ አካውንቱን የወሰደ ሰው የዓመታት ወሬህን፣ የላክኸውን መታወቂያ፣ ሁሉን ቁጭ ብሎ ያነበዋል። ብዙ ሰው ቴሌግራምን ከዋትስአፕ ይበልጥ ሚስጥር ጠባቂ አድርጎ ያምነዋል። ላኪውና ተቀባዩ ብቻ የሚያነቡት ግን "ሚስጥራዊ ቻት" ተብሎ ለብቻው የሚከፈተው ነው፣ ግሩፖችም በዚህ አይጠቃለሉም። ስለዚህ ቴሌግራም ላይ ተጨማሪውን ፓስወርድ ዛሬ አብራው። ነገ አትበል።

ጥያቄ፦ ኢንኮግኒቶ ከፍቼ ስጠቀም ማን ያየኛል?

መልስ፦ አጠር ላድርገው። ኢንኮግኒቶ ብራውዘሩ የጎበኘሽውን እንዳይመዘግብ የሚያደርግ ገጽ ነው። ካንቺ በኋላ ያንን ስልክ የሚይዝ ሰው የጎበኘሽውን ዝርዝር አያይም። በቃ። ኢንተርኔቱን የሚያቀርበው ድርጅት፣ የመሥሪያ ቤትሽ ኔትወርክ፣ የገባሽበት ድረ ገጽ፣ ሁሉም ሊያዩሽ ይችላሉ። ጎግል ራሱ በዚህ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2020 ተከሶ በ2024 በስምምነት ሲጨርስ በቢሊዮን የሚቆጠሩ መረጃዎችን ለማጥፋት ተስማምቷል። ስጦታ ለመፈለግ ወይም በሰው ስልክ ኢሜይል ለመክፈት ጥሩ ነው። ለመደበቅ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ስለ ጫማ ከባለቤቴ ጋር አወራን፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ የጫማ ማስታወቂያ መጣ። ስልኬ ያዳምጠኛል አይደል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በየጊዜው እቀበላለሁ፣ ስሜቱም ይገባኛል፣ ደርሶብኛል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የሚገኘው የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ17 ሺህ በላይ የአንድሮይድ አፖችን ፈትሸው በድብቅ ድምፅ እየቀዳ የሚልክ አላገኙም። ያገኙት ግን ሌላ ነው፤ አንዳንዶቹ በስክሪኑ ላይ የሚደረገውን ቀድተው ለሌላ ድርጅት ይልኩ ነበር።

በእኔ እምነት እውነታው ከማዳመጥ ይከብዳል። ድምፅህ አያስፈልጋቸውም። የት እንደሄድክ፣ ምን ላይ ቆም ብለህ እንዳየህ፣ ምን እንደፈለግህ ያውቃሉ። ባለቤትህ በዚያው ዋይፋይ ጫማውን ፈልጋ ከሆነ ማስታወቂያው አንተም ጋ ሊመጣ ይችላል። ምናልባትም ስለ ጫማው ያወራችሁት መጀመሪያ አንዱ ማስታወቂያውን አይቶት ይሆናል።

የምትችለው ይኸውና። የማይክሮፎንና የቦታ ፈቃድ ያላቸውን አፖች ሴቲንግ ውስጥ አንድ በአንድ እያቸው። የባትሪ መብራት አፕ ማይክሮፎን ምን ያደርግለታል? ከልክለው። አይፎን ከሆነ አፑ ልከታተልህ ወይ ብሎ ሲጠይቅ አይሆንም በለው። ከዚያ የስክሪኑን የላይኛውን ጫፍ ልብ በል። ማይክሮፎኑ ሲከፈት አንድሮይድ 12ና ከዚያ በኋላ ባሉት ላይ አረንጓዴ ምልክት፣ አይፎን ላይ ብርቱካናማ ነጥብ ይበራል። ሳትደውልና ሳትቀዳ ካየኸው ወደ ታች ጎትተህ የትኛው አፕ እንደሆነ ተመልከትና ያንኑ አፕ አጥፋው።