ጎኑ «ታጠፈ» ወይስ «ጎበጠ»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሐዋሳ ነው የምኖረው። አንድ እንጨት ቤት ጊታር መሥራት እየተማርኩ ነው። የጊታሩን ጎን በሙቀት ስናዞረው እኔ «አጠፍኩት» እላለሁ፤ የሚያስተምረኝ ሰው «አጎበጥኩት በል» ይለኛል። ጎባጣ ስድብ አይሆንም? ከውስጥ የምንለጥፋቸውን ማጠናከሪያ እንጨቶችስ ምን እንበላቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አስተማሪህ ልክ ነው። ወረቀት ይታጠፋል፣ ጋቢ ይታጠፋል፣ ፌሮም ይታጠፋል። የታጠፈ ነገር የታጠፈበት ቦታ ይታወቃል። የጊታር ጎን ላይ እንዲህ ያለ መስመር ከታየ ግን እንጨቱ ተሰብሯል ማለት ነው። ያቺን 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነች ስስ ጣውላ ውኃ አጠጥታችሁ፣ የጋለ ቱቦ ላይ ቀስ እያላችሁ የምትጫኗት እኮ የት ጋ መዞር እንደጀመረች እንዳይታወቅ ነው። ሙቀቱ ቃጫዎቹን አያይዞ የያዘውን ሊግኒን ያለሰልሰዋል፤ ሲቀዘቅዝ በያዘው ቅርጽ ይጠነክራል። ይሄ መጉበጥ ነው።

ጎባጣ ለሰው ሲባል ያስቀይማል፣ እውነትህን ነው። ለእንጨት ግን ነውር የለውም። ጥፋት ያለበት ቃል «ተጣመመ» ነው። ጎኑ ከቅርጹ ሲወጣ፣ ሲወላገድ፣ ያኔ ተጣመመ በል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚስተው። «የተጎበጠ ጎን» አትበል። እንጨት ደረቀ፣ እኔ አደረቅኩት እንላለን እንጂ «ተደረቀ» አንልም። ጎበጠም እንደዚያው ነው፦ ጎኑ ጎበጠ፣ እኔ አጎበጥኩት፣ የጎበጠ ጎን። «አጠፈ» ላይ ግን መነሻዋ «አ» የግሡ የራሱ ፊደል ናት፤ ብታነሣት «ጠፈ» የሚል ግሥ የለንም። ለዚህ ነው «ታጠፈ» የምንለው። የ«አጎበጠ» «አ» ግን የአድራጊ ምልክት ስለሆነች ስትነሣ «ጎበጠ» ይቀራል። ሁለቱ «አ»ዎች መመሳሰላቸው ይመስለኛል ሰውን የሚያሳስተው።

«ማጠናከሪያ» ስሕተት የለበትም፤ ግን ሁሉንም በአንድ ስም ከጠራህ ሥራ ላይ «የቱን?» መባባል ይመጣል። ጠርዙን ይዞ ዙሪያውን የሚሄደውን፣ እንዲጎብጥ በመጋዝ ጥርስ ጥርስ የሚደረገውንና ፊቱና ጀርባው በሙጫ የሚያርፉበትን «ገበር» ብትሉት ደስ ይለኛል። ከውስጥ የሚገባ ነገር ስም ነው፣ ልብስ ሰፊ ሁሉ ያውቀዋል። ከላይ ወደ ታች ጎኑን አቋርጠው የሚለጠፉትን ደግሞ «ማገር» በሏቸው። የጭቃ ቤት ማገር ቋሚዎቹን አቋርጦ እንደሚይዝ፣ እነዚህም የእንጨቱን ቃጫ አቋርጠው ስለሚሄዱ ስንጥቅ ቢነሣ እዚያው ያስቆሙታል።

ወደ ማሲንቆ ከተሻገርክ ግን «አጎበጥኩ»ን ተወው። የማሲንቆ ጎን አራት ጣውላ ነው፣ ማዕዘን ለማዕዘን ይያያዛል እንጂ አይጎብጥም። እዚያ «ገጠምኩ» ነው የምትለው።