አበባ የነሳው የድሬዳዋ ዛፍ

ጥያቄው የመጣው ከጅማ፣ ከፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነው። ጠያቂያችን ከ7 ዓመት በፊት ዘመድ ከድሬዳዋ ያመጣላቸውን ዘር ግቢያቸው ውስጥ ተከሉ። ዛፉ ዛሬ ከቤቱ ጣራ አልፏል። ጥላው ያስቀናል፤ አበባ ግን አንዲትም አልታየችም። የመብራት ሽቦ እንዳይነካ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ጫፍ ጫፉን ያስከረክሙታል። የዶሮ ኩስ አይለየውም፤ የልብስ ማጠቢያው ውሃም ወደ ግንዱ ነው የሚፈሰው። በዚያ ላይ ሥሩ 2 ሜትር ብቻ የሚርቀውን የጎረቤት አጥር ሰንጥቋል። ጎረቤት «ይቆረጥ» ብለዋል። አንድ ወዳጅ ደግሞ «ግንዱ ላይ ምስማር ምቱበት፣ ደንግጦ ያብባል» ብሏቸዋል።

ከምስማሩ ልጀምር። አይምቱ። ይህን ምክር በየሰፈሩ እሰማለሁ። ዛፍ አይደነግጥም፤ ምስማር በገባበት ቀዳዳ ግን ውሃና ሻጋታ ይገባል። እንደ ጅማ ዝናብ በሚበዛበት አገር የግንድ መበስበስ የሚጀምረው እንዲህ ካለ ትንሽ ቁስል ነው።

ዛፍዎ አልታመመም። እንዲያውም ጠግቧል፣ ችግሩም ጥጋቡ ነው። የድሬዳዋ ዛፍ የምንለው ትውልዱ ማዳጋስካር፣ በጋው በሚጠነክርበት ደረቅ ደን ውስጥ ነው። በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል፣ ይጠማል፣ ከዚያ በኋላ ነው አበባውን የሚያወጣው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሙቀቱም ድርቀቱም ይስማማዋል። ጅማ ግን ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት አይጠፋም። ለዛፉ የምትተርፈው በጋ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለችው ብቻ ናት። እርስዎ ደግሞ እሷንም በልብስ ማጠቢያ ውሃ አረጠቡበት!

ስለዚህ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ውሃውን በቦይ ወደ ሌላ ጎን ይመልሱት። ሌላ ነገር ሳያደርጉ ይህን ብቻ ቢያደርጉ እንኳ ግማሽ መንገድ ሄደዋል። የዶሮ ኩሱንም ለጎመኑ ይተዉት። ናይትሮጅኑ ብዙ ነው፤ ልክ እንደ ዩሪያ ቅጠልና ቀንበጥ ያበዛል እንጂ አበባ አይጠራም። ጅማ ላይ የቡና ገለባ ስለማይጠፋ እሱንም ግንዱ ሥር የሚከምሩ ሰዎች አሉ። እርጥበት ይዞ ልጡን ያበሰብሳል። ከግንዱ በክንድ ያህል አርቁት።

እድሜውም አይርሳ። ከዘር የበቀለ ሲሆን በ5 ዓመቱ የሚያብብ አለ፤ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚያስጠብቅም አለ። 7 ዓመት ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። ፀሐይም ሙሉ ቀን ማግኘት አለበት። ከጎኑ የበለጠው ግራቪሊያ ወይም አቮካዶ ካለ እሱን ያሳሱለት።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋት ልምጣ፣ ወደ መከርከሙ። ይህ ዛፍ አበባውን የሚይዘው በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ነው። በየዓመቱ ጫፉን ሲያስቆርጡ አበባ የሚወጣበትን ቦታ ነው የሚያስጥሉት። ቀረብ ብለው ይዩት፦ ከዚህ ቀደም ከተቆረጠበት ቦታ ላይ ቀጫጭን ቀንበጦች በአንድ ላይ ፈንድተው ሽቅብ ተመዘዋል። እነሱ ጠንክረው አበባ እስኪይዙ ጊዜ ይፈልጋሉ። ሳይደርሱ መጋዝ ይመጣባቸዋል። ዛፉ በራሱ ጊዜ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል፤ ክብ ኳስ ለማድረግ አይታገሉት።

ታዲያ መቀነስ ካለበት? ጫፉን ከመመልመል አንድ ሙሉ ቅርንጫፍ ከመነሻው ማውጣት ይሻላል። ጊዜው ጥር ነው፣ ቁስሉ ዝናብ ሳያገኘው ይደርቃል። ወፍራም ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ አይቆረጥም። መጀመሪያ ከግንዱ 30 ሴንቲሜትር ያህል ርቀው ከሥር ወደ ላይ ሲሶውን ይጋዙ። ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብለው ከላይ ወደ ታች ይቁረጡት፤ የግንዱን ልጥ ሳይገሽልጥ ይወድቃል። የቀረውን ጉቶ መጨረሻ ላይ ያንሱ። ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚገናኝበት ላይ ያበጠ ቀለበት አለ። መጋዙ ከቀለበቱ ወጣ ብሎ ይረፍ፣ ቀለበቱን አይንካ። ቁስሉ የሚሽረው ከዚያ በሚያድግ ልጥ ነው። ቀለም መቀባት፣ ጭቃ መለጠፍ አያስፈልግም። በአንድ ዓመት ከጠቅላላው ቅርንጫፍና ቅጠሉ ሩብ በላይ አይውሰዱ።

ሽቦው አጠገብ ያለውን ግን እርስዎም ቀጥረው የሚያመጡት ልጅም አትንኩት። መብራት ኃይል አመልክታችሁ መስመሩ ሲጠፋ ይቆረጥ። እርጥብ ቅርንጫፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

የአጥሩ ነገር ከአበባው ይከብዳል። እውነቱን ለመናገር ይህ ዛፍ ከግንብ ከ8 እስከ 10 ሜትር መራቅ ነበረበት። ሥሩ ወደ ጎን፣ ለመሬት ገጽ ቀርቦ ነው የሚሄደው። ቢሆንም መፍትሔ አለው። ክረምቱ እንደወጣ ግንቡን ተጠግተው በአጥሩ ትይዩ ቦይ ያስቆፍሩ፣ ጥልቀቱ 70 ሴንቲሜትር ገደማ ይሁን። ሲቆፈር አውራ ጣት የሚያህለውን ሥር በስለታም መጋዝ መቁረጥ ይቻላል። ክንድ የሚያህለውን ግን አይንኩ። ዛፉን ቀጥ አድርጎ የያዘው እሱ ነው፤ ሐምሌ ላይ መሬቱ ሲረሰርስና ነፋስ ሲመጣ ያለ እሱ ይገነደሳል። በቦይው ውስጥ ወፍራም ፕላስቲክ አቁመው አፈሩን ይመልሱ። አጥሩ ሲጠገን ትልቁ ሥር በሚያልፍበት ቦታ ግንበኛው ክፍተት ትቶ ከላይ በፌሮና ኮንክሪት ያሻግረው። ወጪውን እርስዎ ይሸፍኑ፣ ዛፉ የእርስዎ ነውና። ጎረቤትም በዚህ ይለዝባሉ። ሥሩ የቤት መሠረት ወይም የሽንት ቤት ጉድጓድ ጋ ከደረሰ ግን እኔም ከጎረቤትዎ ጋር ነኝ፣ ይቆረጥ።

ይህን ሁሉ አድርገው ሁለት በጋ ይጠብቁ። ቢያብብም ድሬዳዋ ላይ እንዳዩት ደም የመሰለ ሆኖ ላይመጣ ይችላል፤ የጅማ አየር ነው። በእርግጠኝነት የሚያብብ ከፈለጉ ጃካራንዳ ወይም የጫካ ነበልባል ጅማን አይጠሉም፤ እነሱም ግን ከግንብ ይራቁ። እኔን ከጠየቁኝ ኮርች እተክላለሁ። የአገራችን ዛፍ ነው፣ በበጋ ቀይ ያብባል፣ ችግኝም አያስፈልገውም። ክንድ የሚያህል ቅርንጫፉን ቆርጠው፣ ለጥቂት ቀናት ጥላ ላይ አቆይተው፣ ዝናቡ ሲጀምር መትከል ነው። ገና ትንሽ ሳለ ፍየል እንዳይደርስበት በእሾህ ይከልሉት።