የዕለቱን ድርሻ ማንበብ

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣

ለገሃር አካባቢ በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት፣ በኋላም በሒሳብ ሹምነት ሠላሳ አራት ዓመት አገልግዬ በጡረታ የተገለልኩ ሰው ነኝ። ሰባኪም ሊቅም ስላልሆንኩ የምጽፍላችሁ ከመዝገብ ጋር ስኖር ስለ መጽሐፍ የተረዳሁትን ብቻ ነው። ብዙዎቻችሁ ጠዋት ሜክሲኮ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ ይዛችሁ፣ ማታም ደክማችሁ ስትገቡ፣ መንፈሳዊ መጽሐፍ ማንበብ ጊዜ ለተረፈው ሰው የተተወ ነገር እንደሆነ ትነግሩኛላችሁ። በእናንተ ዕድሜ እኔም እንዲሁ እል ነበር።

ምክንያቱ ግን አዲስ አይደለም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያ በወንጌል ስለ ተጻፉት ስለ ባለጸጋው ነዌና ስለ ድኻው አልዓዛር ሲያስተምር፣ መነኩሴ አይደለሁም፣ ሚስትና ልጆች አሉኝ፣ የፍርድ ቤት ጉዳይ አለብኝ እያሉ ከንባብ የሚሸሹ ሰዎችን አንሥቶ መልሶላቸዋል። በገዳም ያለው ከወጀቡ ርቆ ስለሚኖር፣ በገበያና በአደባባይ የሚውለው ግን በየቀኑ ስለሚቆስል፣ መድኃኒቱ አብልጦ የሚያስፈልገው ለዚህ ለሁለተኛው ነው ይላል። አንጥረኛ ምንም ቢቸግረው መዶሻውንና ጉጠቱን እንደማይሸጥ ጠቅሶም መጻሕፍትን የክርስቲያን የሥራ መሣሪያዎች ያደርጋቸዋል። እሱ የተናገረው ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት ነው፤ ሌላው መንፈሳዊ መጽሐፍ ሁሉ፣ መልካም ከሆነ፣ ወደ እነሱ የሚያደርስ መንገድ ነው።

አባቶቻችንም ይህን ያወቁ ይመስለኛል። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነው፤ የቅዱሳን ታሪክ የተጻፈበት ስንክሳሩም ጳጉሜን ሳይተው ለዓመቱ ቀናት በሙሉ የየዕለቱን ንባብ ይዟል። እናቴ እሳት ከማያያዟ በፊት የዕለቱን ትደግም ነበር፤ የሰኞውን ማክሰኞ ስትደግም ሰምቻት አላውቅም። ያለፈ እንደሆነ አለፈ፣ ለነገ ደግሞ የነገው አለ። ለሒሳብ ሰው ይህ በጣም ግልጽ ነገር ነው፤ የዓመቱን በጀት በአንድ ወር የሚጨርስ መሥሪያ ቤት የቀረውን ጊዜ በብድር ይኖራል። በዐቢይ ጾም መግቢያ ወፍራም መጽሐፍ ገዝቶ በሦስት ሌሊት የሚጨርስ፣ ከትንሣኤ እስከሚመጣው ጾም ግን ገጽ የማይገልጥ ወጣት ሳይ ያ መሥሪያ ቤት ትዝ ይለኛል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የምናገኘው ጃንደረባ በሙያ ባልደረባዬ ስለሆነ አብልጬ እወደዋለሁ። የንግሥት ህንደኬ ገንዘብ ሁሉ በእጁ ነበር፤ ስለዚህ ሥራ የበዛበት ሰው እንደነበረ እኔ ልመሰክርለት እችላለሁ። ኢሳይያስን ያነብ የነበረው ግን በሰረገላ ተቀምጦ፣ በመንገድ ላይ ነው። ፊልጶስ የሚያነበውን ያስተውለው እንደሆነ ሲጠይቀውም ሹመቱ አላሳፈረውም፤ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል አለ። እናንተም ያልገባችሁን ቦታ ምልክት አድርጋችሁ ለንስሐ አባታችሁ ወይም ለተማረ ሰው አቅርቡ። በአራዳ ጊዮርጊስ ደጅም ሆነ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ ስትመርጡ ከሽፋኑ ሥዕል በፊት ጸሐፊው ማን እንደሆነ፣ ከየትኛው መጽሐፍ እንደጠቀሰ፣ ማን እንዳረመው ተመልከቱ። ስለ ራሱ ሕልምና ራእይ ብቻ የሚተርክ መጽሐፍ ከሆነ ገንዘባችሁን ለቡና አውሉት።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር፤ በጎው ብቻ ከተነገራችሁ ምክሬ አይታመንም። ወደ አርባ ዓመቴ ገደማ መንፈሳዊ መጽሐፍ አብዝቼ አነብ ነበር፤ የማነበው ግን እንደ ኦዲተር ነበር። ቀይ እርሳስ ይዤ የጸሐፊውን ስሕተት አድናለሁ፤ ጥሩ ተግሣጽ ሳገኝ ደግሞ ይህ ለእገሌ ይሆነዋል ብዬ አሰምርበታለሁ። በዚያው ዓመት የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት በሰኔ 30 ቀን፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ወንበርና ጠረጴዛው ግምጃ ቤት ሳይደርስ እንደ ገባ ተደርጎ የተቆረጠ ሞዴል 19፣ ማለትም የዕቃ ገቢ ደረሰኝ፣ ከክፍያ ማዘዣ ጋር ቀረበልኝ። በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆን ነው ተባለ፤ ፈረምኩ። በሕይወቴ ብዙ መጽሐፍ ያነበብኩት በዚያ ዓመት ነው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ከንስሐ አባቴ በተሰጠኝ ምክር፣ ያንኑ የአፈወርቅን ትምህርት ያለ እርሳስ፣ ከሥራ በፊት በቀን አንድ ገጽ ብቻ አነብ ጀመር። አንዳንዱ ገጽ ምንም አልነገረኝም፤ ይህን አልደብቃችሁም። ሰኔ ሲመጣ ተመሳሳይ ወረቀት መጣ። የዚያን ጠዋት ገጽ ስለ ደረሰኝ አንድም ቃል አልነበረውም፤ ነዌ በደጁ የወደቀውን አልዓዛርን በየቀኑ እያየ ያልፈው እንደነበር ብቻ ነበር የሚናገረው። በየቀኑ እያዩ ማለፍ የሚለው ነገር ብዕሩን ካነሣሁ በኋላ መጣብኝ። ዕቃው ሲገባ እፈርማለሁ አልኩ፤ ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር እንጂ የጀግና ንግግር አልነበረም። አለቃዬ ምንም ሳይሉ በሩን ከፍተው ወጡ፣ ገንዘቡም ተመላሽ ሆነ፤ ለጥቂት ወራትም ስሜ ከመስክ ሥራ ዝርዝር ጠፍቶ ውሎ አበል የሚባል ነገር አላየሁም።

ስለዚህ አንድ መጽሐፍ ያዙ፤ ሳትጨርሱት ሌላ አትጀምሩ። በስልክ ማንበብም አይከፋም፤ ነገር ግን ያነበባችሁትን ገጽ ፎቶ አንሥታችሁ ለመለጠፍ አትቸኩሉ፣ ቢያንስ እስከ ማታ ከእናንተው ጋር ይዋል።

የእኔ መደርደሪያ ለማንኛችሁም ክፍት ነው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ኑና የምትፈልጉትን ተዋሱ። በቀይ እርሳስ የተሰመረባቸውን ስታገኙ ግን የተሰመረውን እለፉትና ያልተሰመረውን አንብቡ።