ከመጠኑ በላይ የከበደ ነገር ሲያጋጥማችሁ

ሰሞኑን ውዳቂ ብረት የሚሰበስብ ወጣት «ጨረር ያለበት ብረት በምን ይታወቃል? ይሸታል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጨረር አይሸትም፣ አይታይም። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝን የሳሙት ፕራካንን አደጋ ቀሰቀሰብኝ።

ነገሩ የሆነው ታይላንድ ውስጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ። አገልግሎቱን የጨረሰ የካንሰር ማከሚያ መሣሪያ፣ ኮባልት-60 የተባለ ጨረር የሚያመነጭ ብረት በሆዱ እንደያዘ፣ ጠባቂ በሌለው የመኪና ማቆሚያ ተጥሎ ነበር። ብረት ሰብሳቢዎች አገኙት፤ ቤት ወስደው ሊፈቱት ሞከሩ፤ አልሆን ሲላቸው ወደ ውዳቂ ብረት ግቢ አመጡት። እዚያ አንድ ሠራተኛ በጋዝ መቁረጫ ከፈተው። ሽፋኑ እርሳስ የሚባለው ከባድ ብረት ነበር፤ እርሳስ ገንዘብ ነውና ማንም ይቆርጠዋል። ያ እርሳስ ግን የተቀመጠው ጨረሩን አፍኖ እንዲይዝ ነበር። በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀልጥ ነገር የመቁረጫ እሳት ፊት አይቆምም። የጨረሩ ምንጭ ወጥቶ ከቁርጥራጩ ጋር ተቀላቀለ፣ ሰዉም አጠገቡ እየተመላለሰ መሥራቱን ቀጠለ።

ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የእጅ መቁሰል፣ የፀጉር መርገፍ መጣ። ጉዳዩ ለአገሪቱ የአቶሚክ ኃይል መሥሪያ ቤት የደረሰው ፌብሩዋሪ 18 ቀን ነው፤ ያውም ሐኪሞች ተመሳሳይ ሕመም የያዛቸውን ሰዎች አያይዘው ስለጠረጠሩ። 10 ሰዎች ክፉኛ ተጎዱ፤ 3ቱ ሞቱ፤ ሦስቱም የዚያ ግቢ ሰዎች ናቸው። የጨረር ምልክቱ መሣሪያው ላይ ነበር። ምን ማለት እንደሆነ የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ የሚቆጨኝም እሱ ነው።

የዛሬ ልጆች ስልካችሁ ላይ የማታገላብጡት ነገር የለም፤ ያንን ባለሦስት ክንፍ ምልክት ግን ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ? ቢሆንም ቀለም ይለቃል፣ ሰሌዳም ይነቀላል። ስለዚህ ክብደቱን እመኑ። ትንሽ ሆኖ ለማንሳት የሚያስቸግር፣ ድፍን የሆነ ሲሊንደር ወይም ሣጥን፣ መሐሉ እርሳስ ወይም ተንግስተን የሚባል ከባድ ብረት ሊሆን ይችላል። የሕክምና መሣሪያ ጭንቅላት፣ ከፋብሪካ የወጣ፣ በጋን ውስጥ ያለ ነገር ምን ያህል እንደሞላ በጨረር የሚለካ መሣሪያ፣ ብየዳን በጨረር የሚመረምር ካሜራ፣ እነዚህን አትቁረጡ፣ አትፍቱ።

ግቢው የጨረር መለኪያ ይግዛ። በየዕለቱ ጠዋት ባዶ ቦታ ላይ ለኩ፤ በብዙ ስፍራ በሰዓት 0.1 ማይክሮሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ አሃድ) አካባቢ ያሳያል። ብረቱን ስትለኩ ከዚያ እጥፍ ካለፈ ሥራ ይቁም። ደግሞም በመለኪያ አትመኩ፦ ምንጩ እርሳሱ ውስጥ እያለ ወይም ክምር ሥር ተቀብሮ ላያነበው ይችላል፤ አንዳንዱ መለኪያ ደግሞ ጨረሩ ሲበዛበት ዜሮ ያሳያል። ከሩቅ አብሩትና ቁጥሩን እያያችሁ ተጠጉ። በሰዓት 100 ማይክሮሲቨርት ካሳየ ወደፊት አትሂዱ።

የተከፈተ ወይም የተጎዳ ነገር ካጋጠማችሁ ሰውን ሁሉ ቢያንስ 30 ሜትር አርቁ። ርቀት ትልቅ ነገር ነው፤ 1 ሜትር ላይ የነበረ ጨረር 10 ሴንቲሜትር ላይ መቶ እጥፍ ይሆናል። በእጅ ማንሳት፣ ኪስ መክተት የሚገድለውም ለዚህ ነው። እጅ ሳትታጠቡ አትብሉ፣ ልብሳችሁን አውልቃችሁ በፕላስቲክ እሰሩት፣ በቦታው የነበሩትን ሁሉ ስም ጻፉ፣ የጨረር ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ጥሩ። ብረቱን ያመጣውን መኪና ወደ መጣበት መመለስ አደጋውን ወደ መንገድ ማውጣት ነው። ሜክሲኮ ውስጥ የቀለጠ ኮባልት የአርማታ ብረት ሆኖ ድንበር ተሻግሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የተደረሰበት አንድ ብረት የጫነ መኪና አሜሪካ ውስጥ ሎስ አላሞስ በተባለው የኒውክሌር ምርምር ጣቢያ አጠገብ የጨረር ጠቋሚ ስላስጮኸ ብቻ ነው።

ከታመማችሁ ለሐኪሙ «ውዳቂ ብረት ስቆርጥ ነበር» በሉት፤ አለበለዚያ የምግብ መመረዝ ይመስለዋል። ማስመለሱ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደጀመረ ንገሩት፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሆነ የተቀበላችሁት መጠን ከፍተኛ ነው። ከዚያ ለቀናት የዳናችሁ ሊመስላችሁ ይችላል። በዚያ ጊዜም ቢሆን የነጭ የደም ሴል ቆጠራው በተደጋጋሚ ይሠራላችሁ።