ያልተቀበረው ልፋፈ ጽድቅ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከሞጣ ነው የምጽፍልዎ። አያቴ አርፈው ሳጥናቸውን ስንከፍት ዓይን ዓይን የተሳለበት ረጅም የብራና ጥቅልና አንዲት ትንሽ ልፋፈ ጽድቅ አገኘን። ዘመዶቻችን «አብሯቸው ስላልተቀበረ ነፍሳቸው ማለፊያ አጥታለች» እያሉ ያስጨንቁኛል። ወንድሜ ደግሞ «ሄኖክም እኮ እኛ ዘንድ የተገኘ ብርቅ መጽሐፍ ነው፤ ይኸም ያው ነው፣ ገዢ አለው» ይላል። እኔ መንካቱንም ፈራሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ በመጀመሪያ ልብሽ ይረፍ። አያትሽ ተጠምቀው የክርስቶስ የሆኑ፣ ፍትሐት ተደርጎላቸው የተሸኙ ናቸው። የነፍሳቸው መንገድ በአንዲት ብራና ላይ አልተንጠለጠለም። ዘመዶችሽ ክፉ አስበው ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሐዘንተኛን እንዲህ ማስጨነቅ ኃጢአት ነውና መምህሩ እንዲህ አሉ ብለሽ ንገሪያቸው።

ልፋፈ ጽድቅ ከመነበብ ይልቅ ከሬሳ ጋር እንዲቀበር የሚጻፍ እንግዳ መጽሐፍ ነው። እመቤታችን ስለ ዘመዶቿ አልቅሳ ልጇ ስውር ስሞቹን ገለጠላት፣ ያን የያዘ ከእሳት ይድናል ይላል። ከሰማንያ አንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ግን አይቆጠርም። ብራና የሚያሻግር ቢሆን ኖሮ፣ የድሀ መሬት የቀማ ሁሉ አንድ ፍየል አርዶ፣ ቆዳውን አስፍቆና አስጽፎ፣ ንስሐ ሳይገባ ባመለጠ ነበር።

በጎጃም ስዞር ደጋግሜ የሚገጥመኝ ስሕተት ወንድምሽ የተናገረው ነው፤ በግእዝ ተጽፎ ብራና ላይ ካረፈ ሁሉ አንድ ነው ይላሉ። ሄኖክን አይቶ ነው እንዲህ ያለው፣ እውነትም ሄኖክ ያስደንቃል። ይሁዳ በመልእክቱ የጠቀሰው መጽሐፍ ሙሉው ተርፎ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1770 እዚሁ ግሽ ዓባይ ድረስ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ይዞ በ1773 አውሮፓ ሲገባ፣ የዚያ አገር ሊቃውንት መጽሐፉ ጠፍቷል ብለው ነበር። እኛ ዘንድ ግን ጠፍቶም ተደብቆም አያውቅም። ከቅዱሳት መጻሕፍት ተቆጥሮ፣ በገሃድ ሲነበብ የኖረ ነው። ልፋፈ ጽድቅ ግን ስውር ስም ይዣለሁ ይላል፤ ጌታስ በሊቀ ካህናቱ ፊት ምን አለ? «በስውርም ምንም አልተናገርሁም» (ዮሐ. 18፥20)።

ጥቅሉን ደግሞ እይው። ክታብ ነው። በባለቤቱ ቁመት ልክ ይለካል፣ ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋል፣ በአንገት ይንጠለጠላል፤ ባለቤቱ ግን አያነበውም። በብዙዎቹ ላይ የአንዱ ስም ተፍቆ የሌላው ተጽፎበታል። ጌታ ግን «ስማችሁ በሰማያት ስለ ተጻፈ ደስ ይበላችሁ» ብሏል (ሉቃ. 10፥20)። ያን ስም ደብተራ ፍቆ ለሌላ አይሸጠውም።

ስለ አያትሽ ግን አትፍረጂ። እንዲህ ባለው ክታብ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ሕፃናት ትገድላለች ስለሚሏት ውርዝልያ የሚናገረው የሱስንዮስ ጸሎት ነው። ያን የሚያስጽፉት ልጅ በላይ በላዩ የሞተባቸው እናቶች ናቸው። ምናልባት አያትሽም ማንም የማያውቀው ሐዘን ነበራቸው። የምወቅሰው እንባቸውን አይቶ ገንዘብ የተቀበላቸውን ነው። እናት ስታለቅስ ጸሎት ይደረግላታል፣ ጠበል ትወሰዳለች፤ እንዴት ዋጋ ይጠራባታል?

መንካቱን መፍራትሽንም ተዪው። ያድናል ብሎ የሚይዘውና ይጎዳል ብሎ የሚሸሸው ሁለቱም ለቆዳው ኃይል ሰጥተውታል። መሸጥ ግን ፈጽሞ አይሆንም። የኤፌሶን አስማተኞች ሲያምኑ መጽሐፋቸውን ሰብስበው አቃጠሉ፤ ዋጋው ሲታሰብ አምሳ ሺህ ብር ሆነ ይላል (ሐዋ. 19፥19)። ዋጋውን እያወቁ ሌላው እንዲታለልበት አላሻገሩትም። የአገር ቅርስንም ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት በሕግ የተከለከለ ነው።

አንቺ ግን አታቃጥዪው። በእንዲህ ያለ ጥቅል ላይ የዳዊት መዝሙርና የወንጌል ቃል ከአስማቱ ጋር ተቀላቅሎ ይገኛልና የሚለየው ሊቅ ነው። ሁለቱንም ለንስሐ አባትሽ አስረክቢ፤ እርሳቸው ለደብሩ ሊቃውንት ያሳዩታል፣ የሚሆነውንም ይወስናሉ። በዚያው ጊዜ የአያትሽን ስመ ክርስትና በቅዳሴ እንዲታሰቡ ለካህናቱ ስጪ። ወንድምሽንም ይዘሽው ሂጂ፤ ሄኖክን ከወደደ ከገበያ ይልቅ ከጉባኤ ቤት ተቀምጦ ከመምህር ይስማው።