ቀዩ ፊልትሮ ለአሸዋ መኪና ይሆናል?

«ጋሼ፣ ባለ ቱርቦ ኤንፒአር አይሱዙ አለኝ። ከዓለም ጤና አካባቢ አሸዋ እየጫንኩ አዳማ አራግፋለሁ። የአየር ፊልትሮ በየሁለት ወሩ እቀይራለሁ፣ ወጪው ሰለቸኝ። ዱባይ ያለው ወንድሜ እየታጠበ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ቀይ የጥጥ ፊልትሮ ልላክልህ ይለኛል። ዋጋው የአምስት ወረቀት ፊልትሮ ያህል ነው። ጉልበትም ይጨምራል ይላሉ። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?»

ወንድሜ፣ ለአንተ መንገድ ይቅርብህ። ለወንድምህ ግን ሌላ የሚልከው ዕቃ አለኝ፣ እሱን ወደ በኋላ እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ ስለ አቧራው። አስፋልቱን ለቀህ ወደ አሸዋው ስትገባ ከፊትህ ያለውን መኪና አታየውም፣ የምታየው ደመናውን ነው። ያ ነጣ ያለ ዱቄት ተራ አፈር እንዳይመስልህ። የዚያ አካባቢ መሬት የድሮ እሳተ ገሞራ አመድና ፑሚስ የሚባል ቀዳዳማ ቀላል ድንጋይ የበዛበት ነው። የእሳተ ገሞራ አመድ ደግሞ በአብዛኛው የደቀቀ መስታወት ነው። ሲሊንደር ውስጥ ሲገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሠራል። ፋሻውን፣ ማለትም የፒስተኑን ቀለበት፣ ይበላል፣ ሲሊንደሩን ይበላል። ከዚያ ሞተሩ ዘይት መጠጣት ይጀምራል፣ አንተም ሞተር ማውረድ ውስጥ ትገባለህ።

የሚገባው አየር ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ አስበው። ሞተርህ 4.6 ሊትር ገደማ ነው። በደቂቃ 2,000 ዙር ሲዞር፣ አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚገፋውን ቱርቦ ሳንቆጥር፣ በደቂቃ 4,600 ሊትር አየር ይስባል። ቱርቦው ጭነት ላይ ሲገፋ 7,000 አካባቢ ይደርሳል። ይሄ ሁሉ አየር የሚያልፈው በአንድ ፊልትሮ ነው።

ፊልትሮ የሚፈተንበት አይሶ 5011 የሚባል ዓለም አቀፍ ደንብ አለ። የተመዘነ አቧራ ይነፉበታል፣ ከዚያ ስንቱን እንደያዘ ይመዝናሉ። ጥሩ የወረቀት ፊልትሮ ከ99 በመቶ በላይ ይይዛል። ዘይት የሚቀባው የጥጥ ፊልትሮ እንደ አሠራሩ ከ96 እስከ 99 በመቶ ነው። ልዩነቱ ትንሽ መሰለህ? አንዱ 99.5፣ ሌላው 97 ያዘ እንበል። 100 ግራም አቧራ ቢመጣ በመጀመሪያው ግማሽ ግራም ያልፋል፣ በሁለተኛው 3 ግራም። ስድስት እጥፍ ማለት ነው። አስፋልት ብቻ ለሚሄድ ሰው ያን ያህል ላያሳስብ ይችላል፣ የሚመጣው አቧራ ራሱ ትንሽ ነዋ። አንተ ግን ቀኑን ሙሉ አቧራ ውስጥ ነህ።

የጉልበቱን ወሬ ተወው። የሞተርህን ጉልበት የሚወስነው ፓምፑ የሚሰጠው ናፍጣ ነው። አየሩ አስቀድሞ በቂ ከሆነ የበለጠ ቀለል ብሎ የሚተነፍስ ፊልትሮ ዳገት አያወጣህም። ጥቁር ጭስ እያጨሰ ጉልበት ካነሰው ግን ችግሩ ሌላ ነው። ፊልትሮው ታፍኗል፣ ወይ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቱቦ አየር ያፈሳል፣ ወይ ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል ያንጠባጥባል። እነሱን አስፈትሽ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገርህ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ደንበኛዬ የሚታጠብ ፊልትሮ የገባለት ፒክአፕ ይዞ መጣ። ቱርቦው ያፏጫል አለኝ። ከፊልትሮው ወደ ቱርቦ የሚሄደውን ቱቦ ፈታሁት። ጣቴን አስገብቼ ውስጡን ጠረግኩት። ጣቴ በርበሬ ውስጥ የገባ መሰለ። ባትሪ አብርቼ የቱርቦውን ክንፎች ሳይ ጫፋቸውን አይጥ የበላው ይመስላል። እነዚያ ክንፎች አሉሚኒየም ናቸው፣ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራሉ። በዚያ ፍጥነት እያንዳንዷ የአሸዋ ቅንጣት ጥይት ናት።

ፊልትሮውን ገለባብጬ አየሁት። አልተቀደደም። ዳሩ ላይ ያለው ጎማ ግን ደርቆ ተኮማትሯል፣ አየሩም በዳር በዳር ሾልኮ ገብቷል። ለምን ደረቀ? ከዚያ በፊት በቤንዚን ታጥቦ ስለነበር። ያጠበው አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነው። ቶሎ እንዲደርቅ በቤንዚን እጠበው ብዬ ያዘዝኩት ግን እኔ ነኝ። የቱርቦውን ግማሽ ዋጋ ከኪሴ ከፍያለሁ።

«ዕድሜ ልክ» የሚሉት ነገር እንዲህ ነው። የጥጡ ዕድሜ የአጣቢው እጅ ነው። ለብ ባለ ውሃና ለእሱ በተሠራው ሳሙና፣ ከንጹሁ ጎን ወደ ቆሻሻው ጎን ነው የሚታጠበው። በግፊት ውሃ አይነካም፣ በኮምፕሬሰርም አይነፋም። በራሱ እስኪደርቅ አንድ ቀን ሊወስድ ይችላል። ያን ቀን መኪናህ ይቆማል፣ ወይም ሁለተኛ ፊልትሮ ትገዛለህ። ከዚያ የራሱን ዘይት በስሱ ትቀባዋለህ፣ እስኪሰርግም ትጠብቃለህ። የሞተር ዘይት አይሆንም። ዘይቱ ካነሰ አቧራ ያሳልፋል። ከበዛ ደግሞ እየተሳበ ወደ ቱርቦው ይሄዳል። ናፍጣቸውን ኮምፒውተር የሚቆጣጠረው አዲሶቹ ኮመን ሬይል መኪኖች ላይ የአየር መለኪያ ሴንሰሩ ላይ ተለጥፎ ሞተሩን ያምታታዋል።

የሚታጠብ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካልክ፣ ዘይት የማይቀባውን ደረቅ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ፈልግ። ቢያንስ የዘይቱን ጣጣ ትገላገላለህ። ስትገዛ አይሶ 5011 የሚል ውጤት ከነቁጥሩ ካልተጻፈበት ተወው። ከመክፈልህ በፊት ደግሞ ቁመቱንና የዳሩን ጎማ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠህ አወዳድር። 3 ሚሊሜትር ካጠረ ክዳኑ ይዘጋል፣ ጎማው ግን አይነክስም።

አሁን ወደ ወጪህ። ሁለት ወር ትንሽ ነው ብለህ ታዝናለህ፣ እኔ ደግሞ ምናልባት ቶሎ እየቀየርክ ይሆናል እላለሁ። ፊልትሮ መልኩ ስለቆሸሸ አይጣልም። እንዲያውም ትንሽ አቧራ የያዘ የወረቀት ፊልትሮ ከአዲሱ በተሻለ ያጣራል፣ የያዘው አቧራ ራሱ ማጣሪያ ይሆናልና። በየሳምንቱ አውጥቶ ማራገፍ ጉዳት ነው የምልህ ለዚህ ነው። ረዳትህ ጎማ ላይ ጠቅ ጠቅ እያደረገ የሚያራግፈው ከሆነ ዛሬውኑ አስቁመው። ጎሚስታው ጋ ወስዶ ማስነፋትም ያው ነው። ያ ግፊት ወረቀቱን ዓይን በማያየው ቀዳዳ ይበሳዋል። ተነፍቶ የመጣውን ፊልትሮ ጨለማ ቤት አስገብተህ ውስጡ ባትሪ አብራበት፤ ኮከብ ካየህ ጣለው።

መቼ ይቀየር ለሚለው፣ ቱቦው ላይ የሚገጠም ትንሽ የመታፈን ጠቋሚ አለ። ሞተሩ አየር ለመሳብ ሲቸገር ቀይ ያሳያል። ለብዙ የናፍጣ መኪኖች ገደቡ 6 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ቀይ እስኪያሳይ አትንካው። በዚያው ከፊልትሮው ቤት ሥር ያለችውን የጎማ ከንፈር በየጠዋቱ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋት፣ የተጠራቀመውን አቧራ የምታፈሰው እሷ ናት። ተቀድዳ ወይም ጠፍታ ከሆነ ቶሎ ተካት። ውስጠኛ ፊልትሮ ካለው እሱ አይታጠብም፣ አይነፋም። ውጭኛውን ሦስት ጊዜ ስትቀይር እሱን አንዴ ትቀይረዋለህ።

ወንድምህ የሚልክልህ ዕቃ ቅድመ ማጣሪያ ነው። እንደ እንጉዳይ ያለ ቆብ ነው፣ ትራክተርና ዶዘር ላይ አይተኸዋል። አየሩን ያሽከረክረዋል፣ ከባዱ አቧራ ወደ ዳር ተወርውሮ ይወጣል፣ ፊልትሮህ ጋ የሚደርሰው የቀረው ነው። የሚታጠብ ነገር የለውም፣ የሚቀባም የለውም። ለአሸዋ መኪና ገንዘብ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው።

ከመታዘዙ በፊት ከካቢናው ጀርባ ያለውን የአየር መሳቢያ አፍ አይተህ ንገረው። ክብ ከሆነ የውጭ ስፋቱን በሚሊሜትር ለካ፣ ቆቡ በላዩ ተሰክቶ ነው የሚታሰረው። አራት ማዕዘን ከሆነ ባትላሜራ ሠሪ ጋ ሄደህ ክብ አንገት አሠራለት፣ መጋጠሚያውን በደንብ ይድፈንልህ። የሞተሩን ሊትርና ቱርቦ እንዳለውም ለሻጩ ይጻፍለት። ትልቁን እገዛለሁ እንዳይል። ቆቡ ለሞተሩ ከበዛ አየሩ ውስጡ ቀስ ብሎ ያልፋል፣ በደንብ አይሽከረከርም፣ አቧራውም አይወረወርም።