ጥሬ ጎደሬ ጨምቆ መጠጣት? እኔን ያየህ ተቀጣ

እህቴ፣ «እናቴ ስኳር አለባት፣ ጥሬ ጎደሬ ጨምቃ በባዶ ሆዷ ብትጠጣ ይሻላታል ተብለናል፣ የሞከረ አለ?» ላልሽው፦ አለ፣ እኔ ነኝ። እንዳታጠጫት!

አንደኛ፣ ጎደሬ ጥሬውን አይቀመስም። ውስጡ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል፣ በዓይን የማይታይ፣ እንደ መርፌ የሾለ ነገር አለ። እኔ ለጨጓራዬ ብዬ ከሎሚ ጋር በጁስ መፍጫ ፈጨሁትና ሁለቴ ተጎነጨሁ። መጀመሪያ ምላሴን ጠቅ ጠቅ አደረገኝ። ወዲያው ከንፈሬ አብጦ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። በሌሊት ክሊኒክ ሄድኩ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ስልኳን እየነካካች «ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ። በተኮላተፈ አፌ «ጎደሬ» ስላት ወደ ጓደኛዋ ዞራ ሳቀች። «ጎደሬ ጠጥቶ ነው እኮ!» የሦስት ልጆች አባት ነኝ፣ «አንተ» ተብዬ ግድግዳ ተደግፌ አርባ ደቂቃ ቆምኩ። ጉሮሮ ሲያብጥ ትንፋሽ ሊዘጋ እንደሚችል የነገረችኝ በኋላ ያየችኝ ሐኪም ናት። የካርድ፣ የመርፌ፣ የመድኃኒት ከፍዬ ወጣሁ። ብሩስ ይሁን፣ ያ ሳቅ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

ሁለተኛ፣ የሚያውቅ ሰው ጠይቂ። ጎረቤቴ የቦሎሶ ሴት ናቸው። ወላይታ ጎደሬን ቦይና ነው የሚለው። «ቦይና ጥሬውን? ምን ነካህ ልጄ!» ብለው ጓዳቸው አስገቡኝ። እጃቸውን ዘይት ቀብተው ላጡት፤ እርጥብ እጅ ያሳክካል። ቆራርጠው በብዙ ውሃ፣ ሹካ ሲወጉት ዘው እስኪል ድረስ ቀቀሉት። ውሃውን ደፉት። የሚሟሟው ኦክሳሌት ወደ ውሃው ስለሚወጣ መረቅ ነው ብለሽ እንዳታስቀሪው። ከዳጣና ከወተት ጋር አቀረቡልኝ። ለካ ወተቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ካልሲየሙ የቀረውን ኦክሳሌት አንጀት ውስጥ ይይዘዋል። ኦክሳሌት ጠጠር ስለሚሠራ፣ የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ይህንን ልብ ይበል። አሁን ቤት ውስጥ ቀቃዩ እኔ ነኝ፣ ባለቤቴም አምናለች።

ወደ እናትሽ ስመለስ፣ የተቀቀለውን ትብላ፣ ግን በልክ። 100 ግራሙ ወደ 35 ግራም ካርቦሃይድሬት (ሆድ ውስጥ ወደ ስኳር የሚለወጠው) አለው። ፋይበሩ 5 ግራም ገደማ ስለሆነ ያጠግባል፣ ያም ሆኖ በእንጀራዋ ፋንታ እንጂ በእንጀራዋ ላይ ተጨምሮ አይደለም። ፖታሲየሙም ብዙ ነው፤ ኩላሊቷ ደክሞ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪሟን ጠይቂ። የስኳር መድኃኒቷን ደግሞ ጎደሬ እበላለሁ ብላ እንዳታቋርጥ።

ጭማቂውን ሠርተሽው ከሆነ አሁኑኑ ድፊው። መፍጫውን ስታጥቢም ጓንት አድርጊ፤ እኔ በባዶ እጄ አጥቤ ሳክክ ነው ያደርኩት።